አራት ነጥብ

ጣርማ በር ላይ ቆሜ፣ በጥር ቅዳሜ ጉም፣
ሰባ ፎቶ አነሳሁ፣ አንዱ እንኳ አልጠራም።
ነጩ ነጭ አልሆነ፣ ጥቁሩ አልጠቆረ፣
ሙሽራው ከገደል፣ ሚዜው ከመኪና፣ ተደባልቆ ቀረ።

ማታ ደብረ ሲና፣ ሱቄን ከውስጥ ዘግቼ፣
ኮምፒውተሬን ከፈትኩ፣ ጣቴን በትንፋሼ አሙቄ አፍታትቼ።
ከርቩን አወጣሁት፤
ከጥግ እስከ ጥግ፣ ሰያፍ አንድ መስመር፣
በሁለት ነጥብ ብቻ፣ ዳርና ዳሩ ላይ፣ የተወጠረ ክር።

እኔ እንደ መንገዱ ነው የማነበው፦
ግራ ታች ሮቢት ነው፣ የማሽላ ጥላ፣
ቀኝ ላይ ጣርማ በር፣ ጉም ጉምን ሲበላ፣
ደብረ ሲና መሀል፣ እኔ ያለሁበት፣
ጨለማና ብርሃን፣ እንደ ወጪ ወራጅ፣ ቆሎ የሚገዙበት።

የጥቁሩን ጫፍ ይዤ፣ ወደ ውስጥ ገፋሁት፣
የነጩንም ጫፍ፣ ወደሱ አስጠጋሁት።
መስመሩ ተነሳ፣ ዳገቱ ጨመረ።
ሜዳ ላይ ሁሉም አንድ ነው፤
ይሄን የመንዝ ሹፌር፣ ማርሽ ሲቀይር ነው፣ በእግሩ የተማረ።

ጉሙ ተሰነጠቀ።
ቬሎዋ ከሰማይ፣ ጥርሷ ከከንፈሯ፣ ተለይቶ ወጣ፤
የመኪናው ሪባን፣ ቀይ መሆኑን እንኳ፣ ገና ያኔ አየሁ።

በነጋታው መጡ።
እትዬ አጸደ፣ የሙሽሪት አክስት፣ ከጀርባዬ ቆማ፣
«ምነው ጠቆረችሳ? ቀላ አድርጋት እንጂ!
በነጻ ነው እንዴ?»
ሦስተኛ ነጥብ ጣልኩ፣ ከመስመሩ መሀል፣ ወደ ላይ ሳብኩና፣
የምወድሽ ቀላች። ደግሞ ቀላች። ደግሞ፣
ከአጥር የወደቀች ለት የተረፋት ጠባሳ፣ ከግንባሯ ጠፋ፣
የጉንጯ ስርጉዳት፣ እንደ ጎርፍ ቦይ ሞልቶ፣ ተደፈነና
ፊቷ የዱቄት ከረጢት ሆነ።
«እሰይ! አሁን አማረች» አለች አክስት።
እናት ግን፣ እስከዚያ አንድ ቃል ያልወጣት፣
መነጽሯን ጠርጋ፣
«ይቺ የማን ልጅ ናት?»

ነጥቡን መለስኩት፣ በዝግታ፣ በእርምጃ።
ጉም ሰማያዊ ነው፣ ፊት ላይ ይጋገራል፤
የሰማያዊውን መስመር ጥቂት ዝቅ፣
የቀዩን አንድ ፀጉር ያህል ከፍ፣
ጠይሟ ልጅ መጣች፣ ጠይም እንደሆነች፣
ጠባሳዋን ይዛ፣ ብርዱን ጥላ መጣች።
አክስትየው አኩርፋ፣ እናት ግን መርቃ፣ ሄዱልኝ ለጊዜው።

ማታ አንድ ነገር ቀረኝ።
ከሙሽራው ኋላ፣ ድንጋይ የጫነ አይሱዙ ቆሞ፣
ጥላው ድፍን ጥቁር፤ እኔው ነኝ ያጠቆርኩት፣ ጉም ልገፍ ብዬ።
በልማድ፣ ያለምክንያት፣
አራተኛ ነጥብ ታች ጥጉ ላይ ጥዬ፣
ጨለማውን በጥቂቱ ከፍ አደረግኩት።
መጀመሪያ ጎማ። ቀጥሎ ጭቃ።
ያልተዘረጋ ጃንጥላ።
ከዚያ እጅ። ከዚያ ሰው።

ጋሽ ወንድይፍራው። አባቷ።
«በቁሜ አይሆንም!» ብሎ፣ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ የመለሰ፣
በሰርጓ ድንኳን ውስጥ፣ ወንበሩ ባዶውን የዋለ፣
ካቡን ተደግፎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣
ደጀ ሰላም እንደቆመ ሰው፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣
ያያታል።
ሌንሴ አይቶት ነበር፣ እኔ አላየሁትም።

ነጥቡን ወደ ላይ ብገፋው፣
በባትሪ እንደተያዘ ሌባ፣ በሰው ፊት ይቀራል፤
ወደ ታች ብለቀው፣ ራሱ እንደመረጠው፣ ጥላ ይውጠዋል።
የማን ምስጢር ነው ይሄ? የሱ ነው? የሷ ነው?
ወይስ ሁለት መቶ ብር ቀብድ የበላው፣ የኔ?
ሻዬ በረደ።
ሮቢት የሚወርድ ሎንችን ጥሩንባ ነፍቶ አለፈ።

አንድ ፀጉር ወደ ታች።
ሌላ ግማሽ ፀጉር።
የማያውቀው ዓይን፣ ጥላ ነው ብሎ ያልፋል፣
ድንጋይ ነው፣ ጎማ ነው፣ የካብ ጥርስ ነው ብሎ፤
ያንን ትከሻ ግን፣ ሕፃን ሆና የታዘለችበት፣
አልበሙን ስትገልጥ፣ ዛሬም ባይሆን አንድ ቀን...

እዚያ ላይ አቆምኩት።
አራት ነጥብ።